የተመዘገበው ቤት ጣራው ሲያፈስ

እንበልና አንድ ቤተሰብ ባሕር ዳር መሀል ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ፣ በጣሊያን ዘመን የተሠራ ቤት ከአባቱ ወረሰ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ፣ መስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያ፣ ጣራው የዛገ ቆርቆሮ። ከዓመታት በፊት ባለሙያዎች መጥተው ፎቶ አንስተው፣ ቅጽ ሞልተው፣ ቤቱ ቅርስ ነውና እንዳይነካ ብለው ሄደዋል። አሁን ጣራው ያፈሳል። ታላቅ ወንድም ቆርቆሮው ይቀየር ይላል። ታናሹ በረንዳውን በብሎኬት ዘግቶ ሱቅ ማውጣት ይፈልጋል። እህታቸው ደግሞ ደላላ አነጋግራ ገዢ አግኝታለች፤ ገዢው የሚፈልገው ግን ቤቱን ሳይሆን ቦታውን ነው። ከሦስቱ የትኛው ይፈቀዳል? የትኛውስ ያስከስሳል? ቤተሰቡ አያውቅም። የሚያውቀው «እንዳይነካ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የዛገ ቆርቆሮ መቀየርንና ቤት ማፍረስን እኩል ያደርጋቸዋል።

ቤተሰቡ የታሰበ ነው፤ ጥያቄው ግን አሮጌ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ስለ ቅርስ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጣላው ስለ መፍረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የተነሣው ክርክርም ስለዚያ ነበር፦ የትኛው ቤት ቅርስ ነው፣ የትኛው አይደለም፣ ማን ዝርዝሩን ያዘ። የፈረሰ ቤት ዜና ይሆናል። በባለቤቱ እጅ ቀስ እያለ የሚሞተውን ቤት ግን ማንም አይዘግበውም። እኔ እንደሚመስለኝ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ አሮጌ ቤቶችን ይበልጥ የሚጎዳው ይህኛው ሞት ነው። መነሻውም ቤቱ ቅርስ መሆኑ እየተነገረ፣ ከቤቱ የትኛው ክፍል ቅርስ እንደሆነ አለመነገሩ ነው።

ሕጉን እንየው። ዋናው ሕግ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አዋጁ ቅርስ በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ይቀበላል። ስለዚህ «ቤቴን ቅርስ ብለው ሊወስዱብኝ ነው» የሚለው ስጋት፣ ቢያንስ ከመመዝገብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ነገር ግን ባለቤቱ ላይ ግዴታ ይጥላል፦ ቅርሱን በራሱ ወጪ ይንከባከባል፤ ጥገና ከማድረጉ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያገኛል፤ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፍም አስቀድሞ ያሳውቃል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን በመደጎም ጭምር ሊረዳ እንደሚችልም አዋጁ ይናገራል። ጉዳት ማድረስ በእስራት ያስቀጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን አገራዊና ክልላዊ ብሎ ከፈላቸው፤ አገራዊው ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተብሎ ለሚጠራው መሥሪያ ቤት፣ ክልላዊው ለክልሉ።

ወረቀቱ ላይ የጎደለ የለም ማለት ይቻላል። ግን ልብ በሉ፤ የባለቤቱ ግዴታ «ይንከባከባል» ሲል ቁርጥ ያለ ነው፤ የመንግሥት ድጎማ «ሊረዳ ይችላል» ነው። ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ቀድሞ የሚታወሰው ግንብና ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን እንጂ የአንድ ቤተሰብ በረንዳ አይደለም። ይህን በክፋት አልለውም፤ የጎንደር ፋሲል ግቢና የባሕር ዳር አንድ መኖሪያ ቤት በአንድ በጀት ፊት ቢቆሙ እኔም ከፋሲል ነው የምጀምረው። ባለቤቱ ግን በዚህ መሀል ብቻውን ቀርቷል።

ከዚህ የሚከብደው የመሬቱ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚያው አንቀጽ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት አለው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ ያነሣዋል። ይህ በከተማ ገበያ ላይ ምን እንደሚፈጥር ደላላ ሁሉ ያውቃል። በወረቀት የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ዋጋ የሚወጣለት ግን ቦታው ነው። ከጣና ዳር ባለ ሰፊ ግቢ ላይ የቆመ ባለ አንድ ወለል አሮጌ ቤት፣ ለገዢው ማለት የማፍረሻ ወጪ ነው። ቤቱ «ቅርስ ነው፣ አይፈርስም» ሲባል የሚወድቀው የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የቦታው ነው፤ ኪሳራው ደግሞ ባለቤቱ ላይ ያርፋል። በሌላ አነጋገር ከተማው ታሪኩን ሲያስጠብቅ ሂሳቡን የሚከፍለው አንድ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ባለቤት የሚያደርገውን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። አያፈርስም፤ ማፍረስ ያስቀጣል። አይጠግንምም፤ ጥገና ፈቃድ ይፈልጋል፣ ወጪ አለው፣ ከተጠገነ ደግሞ ቤቱ ሌላ ሃምሳ ዓመት ይቆማል። ጣራውን ይተወዋል። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። አንድ የተነቀለ ቆርቆሮ ያለበት ጣራ ሁለት ሦስት ክረምት ካሳለፈ በኋላ «ለሕይወት አደገኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ማግኘት አያስቸግርም። ያኔ የሚፈርሰው በሕጋዊ መንገድ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ቅርስ ቤት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ራሱ አከራካሪ ነው። ከተማዋ የጎንደርን ያህል የነገሥታት ግንብ የላትም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በተለምዶ ስሙ ከካቶሊካዊው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ጋር የሚነሣው ባለ ፎቅ የድንጋይ ግንብ አለ። ከዚያ በቀር የከተማዋ አሮጌ ገጽ በሁለት ዘመን የተሠራ ነው። አንደኛው ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየበት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መንደር የነበረችው ባሕር ዳር የከተማ መልክ መያዝ የጀመረችው ያኔ ነው። ሁለተኛው 1950ዎቹ ነው፤ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የቆመው ፖሊ ቴክኒክ፣ ዛሬ የምናደንቃቸውን ሰፋፊ ዘንባባማ ጎዳናዎች የወለደው የጀርመን ባለሙያዎች ፕላን፣ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ዓባይን ቁልቁል የሚያየው ቤተ መንግሥት።

የ1950ዎቹን ሕንፃ ቅርስ ነው ስትል የሚስቅብህ ሰው አይጠፋም። «ይህ ደግሞ የትናንት አይደል?» ይልሃል። ትናንት መሆኑ ልክ ነው። ነገር ግን ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያደረጋት ያ ትናንት ነው፤ እሱን ካነሣንላት የምትቀረው ሐይቅ ዳር የተተከለች ማንኛዋም ከተማ ናት። አዋጁም ቅርስን የሚለካው በዕድሜ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብና በእደ ጥበብ ዋጋው ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንቅረብ፤ ምክንያቱም አሮጌ ቤት በክፉ ባለቤት ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ደግ ባለቤትም ይገድለዋል።

አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የተያያዘው በጭቃ ወይም በኖራ ነው። በጣና ዙሪያ በኖራ መገንባት በተለይ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ተስፋፍቷል። ጭቃም ኖራም አንድ ጠባይ አላቸው፦ ውሃ ይገባባቸዋል፣ ይወጣባቸዋልም። ከመሬት የሚስበው እርጥበት በግድግዳው ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ግንበኛ ጠርቶ ግድግዳውን በሲሚንቶ ማስለሰን፣ ወለሉን ሊሾ ማድረግ። ቤቱ በአንድ ሳምንት አዲስ ይመስላል። እርጥበቱ ግን መውጫ አጥቷል። ከክረምት በኋላ ልስኑን በጣት ስታንኳኩት እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮኻል፤ ከሥሩ ለቋል። ከመሬት ጉልበት በሚያህል ከፍታ ላይ ጥቁር የእርጥበት መስመር ይወጣል፤ ቀጥሎ ልስኑ ሲረግፍ የድንጋዩን ፊትና በመሀል ያለውን ጭቃ ይዞ ይወርዳል። ግድግዳው የእንጨት ከሆነ ደግሞ ማገሩና ምሰሶው በልስኑ ውስጥ ይበሰብሳሉ፤ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። ባለቤቱ ሲሚንቶው አነሰ ብሎ እንደገና ያስለስናል።

ትክክለኛው ጥገና በኖራ ነው፤ ኖራው በውሃ ተነክሮ፣ ተብላልቶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት። ችግሩ ይህን የሚሠራ ግንበኛ ማግኘት ነው። ዛሬ ሙያውን የሚማረው ወጣት የሚማረው ብሎኬት መደርደርና ሲሚንቶ ማስለሰን ነው፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው። ኖራ የሚያውቁት ሙያተኞች የሚገኙት ትልልቅ የጥገና ፕሮጀክቶች ጋ ነው። ለአንድ መኖሪያ ቤት እነሱን ማምጣት አይታሰብም። ስለዚህ ሕጉ ፈቃድ ጠይቅ ሲል፣ ፈቃድ የተጠየቀበትን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነም አብሮ ቢነግር ጥሩ ነበር።

ጣራም እንዲሁ ነው። በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ ሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ኖሯል፤ ምክንያቱን መናቅ አይገባም። የሣር ክዳን በየጊዜው ይታደሳል፣ ሣሩ እየራቀና እየተወደደ ሄዷል፣ እሳት ይፈራል። ነገር ግን የሣር ክዳን አፍ ከግድግዳው ርቆ ይወርድ ነበር። አናጢው ወደ ቆርቆሮ ሲቀይር ቆርቆሮ ለመቆጠብ አፉን ያሳጥረዋል፤ ያን ጊዜ ዝናቡ በቀጥታ የጭቃውን ግድግዳ እግር ይመታል። ከጣራው የሚወርደውም ውሃ ተሰብስቦ ከግድግዳው ሥር ይጎርፋል። ቆርቆሮ መግባቱ ብቻውን ቤቱን አልጎዳም፤ አንድ ክንድ ማጠሩ ነው የጎዳው። «ቆርቆሮ ክልክል ነው» ከሚል ሕግ ይልቅ «አፉን አታሳጥር፣ ውሃውን በቦይ አውጣ» የሚል ምክር ብዙ ቤት ያድን ነበር።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። በዘጌና በደሴቶቹ ካሉት ብዙዎቹ ሥዕሎች ሸራ ላይ ተስለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጣራ ሲያፈስ የሚላቀቀው ልስን ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉም አብሮ ይላቀቃል። እዚህ ግን ባለቤቱ ግለሰብ አይደለም፤ ገዳሙ ነው፣ ማኅበረ መነኮሳቱ ናቸው፣ የደብሩ ካህናትና ምእመናን ናቸው። ለእነሱ ሕንፃው የሚጸለይበት ቤት ነው እንጂ የሚጎበኝ ቅርስ አይደለም። ጣራው ሲያፈስ ምእመኑ አዋጥቶ፣ ከከተማ ቆርቆሮ በጀልባ አስጭኖ ይመጣል። ይህን ሰው «ያለ ፈቃድ ቅርስ ነካህ» ብሎ መክሰስ በሕግ ይቻል ይሆናል፤ በጣና ዳር ግን የትኛው ሹም እንደሚደፍረው እንጃ።

ዘጌን ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ ጥበቃ አንድ የሚያስተምር ነገር እዚያው አለ። በባሕረ ገብ ምድሩ ማረስ ነውር ነው፤ ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ የቆየ ግዝት ነው ይባላል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው፤ በጥላው ሥር የሚበቅለው ቡና ደግሞ ሰዉን ያኖረዋል። ደንቡ አጭር ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል፤ የሚከለክለውም ማረስን ነው እንጂ ከጫካው መጠቀምን አይደለም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መጠበቂያ ሆኖ ሲመዘገብ የዘጌ ሰው ጫካውን መጠበቅ ከጀመረ ዘመናት አልፈውት ነበር። የቤት ቅርስ ሕጋችን በተቃራኒው ረጅም ነው፣ ባለቤቱ አያውቀውም፣ ከቤቱ ምን እንደሚጠቀም ግን አይነግረውም። እዚያው ዘጌ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት የቤተሰብ ሙዚየም ሆኖ የቆየው፣ ቤቱ ለባለቤቶቹ ገቢ ስለሚያመጣ ጭምር ነው።

ወደ ከተማው ስንመለስ ደግሞ ቢሮዎቹ አሉ። ባለቤቱ ለመጠገንም ሆነ ለመጨመር ሲነሣ በሕንፃ አዋጁ መሠረት የግንባታ ፈቃድ ከከተማው አስተዳደር ይጠይቃል። የቅርስ ፈቃዱ ግን ሌላ ቢሮ ነው። የግንባታ ፈቃድ ሰጪው የሚያየው ካርታውንና ፕላኑን ነው፤ ካርታው ስፋቱን፣ አዋሳኙንና የባለይዞታውን ስም ይናገራል፤ የቤቱን ታሪክ አይናገርም። ስለዚህ በቅርስ በኩል የተከለከለ ሥራ በግንባታ በኩል ማኅተም ሊያገኝ ይችላል። የቅርሱ ባለሙያ ሲደርስ በረንዳው ተዘግቶ፣ የእንጨት መዝጊያው በአሉሚኒየም መስኮት ተተክቶ፣ አሮጌው እንጨት ማገዶ ሆኖ ያገኘዋል። ባለቤቱ ደግሞ የተማኅተመ ወረቀት በእጁ ይዟል። ማን አጠፋ?

መፍትሔ ተብሎ ሲነሣ የምሰማው ቅጣቱን ማክበድ ነው። ቅጣቱ አላነሰም። የጎደለው ከዚህ በጣም የቀለለ ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ቤት አንድ ገጽ ወረቀት። የመጀመሪያው መስመር ላይ የማይነካው ይጻፍ፤ ለምሳሌ የፊት ገጹ፣ በረንዳው፣ የጣራው ቅርጽ፣ የመስኮቶቹ መጠንና መዝጊያ። ቀጥሎ ባለቤቱ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያደርገው፦ መብራትና ውሃ ማስገባት፣ ሽንት ቤትና ማድ ቤት ማዘመን፣ ኮርኒስ መቀየር፣ ቀለም መቀባት። በመሀል ደግሞ አሳውቆ የሚያደርገው፦ የዛገን ቆርቆሮ በዚያው ቅርጽ መቀየር፣ የበሰበሰን ምሰሶ በተመሳሳይ እንጨት መተካት። የወረቀቱ አንድ ቅጂ ከይዞታ ፋይሉ ጋር ይያያዝ፤ ፈቃድ ሰጪውም፣ ባንኩም፣ ገዢውም፣ ወራሹም ከመጀመሪያው ያዩታል። ከላይ ያልናቸው ሁለት ወንድማማችና እህታቸው ይህ ወረቀት ቢኖራቸው ጣራውን በሳምንት ቀይረው ጨርሰውት ነበር፤ በረንዳ መዝጋቱም እንደማይሆን ያለ ጭቅጭቅ ይታወቅ ነበር።

እህቲቱ የያዘችው ጉዳይ፣ የቦታው ዋጋ፣ በወረቀት ብቻ አይፈታም። ግን የባሕር ዳር አሮጌ ግቢዎች አብዛኞቹ ጓሮ አላቸው። ቤቱ ከፊት ሳይነካ፣ ከበስተኋላው ከቤቱ ጣራ ያልበለጠ ግንባታ ቢፈቀድ ቤተሰቡ የሚከራይ ነገር ያገኛል። ፊት ለፊት ያለው ቤት ቡና ቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ቢሆን በረንዳው ተዘግቶ ሱቅ ከሚሆን ይልቅ ሳይዘጋ ገንዘብ ያመጣል፤ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት የሚጠላ ሰው አላየሁም። ይህ ሁሉን ቤት አያድንም። ሌላ መንገድ የሌለው፣ ባለቤቱም ምንም የማያገኝበት ቤት ይኖራል፤ ያንን ከተማው ራሱ ይግዛው፣ ካልገዛም ባለቤቱን አይውቀስ።

ከየት ይጀመር ለሚለው ግን ባለቤት ማሳመን የማያስፈልግባቸው ቤቶች አሉ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጡ። በብዙ ከተሞቻችን ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በዚህ መዝገብ ላይ ናቸው። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ አይጠግንም፣ አከራዩ በሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ መግዛት አይችልም፤ አንዱ ሳሎን በችፑድ ለሦስት ይከፈላል። የኮሪደር ሥራ ሲመጣም ካሣ ጠያቂ ስለሌለባቸው ለማፍረስ የሚቀሉት እነዚሁ ናቸው። መንግሥት ግለሰቡን በራስህ ወጪ ተንከባከብ የሚለውን አንቀጽ መጀመሪያ በራሱ ቤቶች ላይ ቢፈጽመው፣ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ እዚያ ሥራ ያገኛል፣ ወጣቱም እዚያ ሙያውን ይማራል፤ የግል ባለቤቱም ጣራውን የሚጠግንለት ሰው የት እንዳለ ያውቃል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የቀበሌ ቤቶች መዝገብ፣ አንድ የቅርስ ባለሙያና ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ ይበቃል።